ለራሴ ስል የተጓዝኩበት የደባርቅ መንገድ

ሮም እሄዳለሁ ብሎ ተነሥቶ ከደባርቅ ወዲያ እምብዛም ያልዘለቀ ሰው የጉዞ ማስታወሻ ይጽፋል ወይ የሚለኝ ቢኖር፣ አዎን ይጽፋል። ሮምን ያዩ ብዙዎች ናቸው፤ የወገራን መንገድ እኔ ባደረብኝ ጥርጣሬ የሄደበት ግን ያለ አይመስለኝም። ከጎንደር ወጥተው ለማያውቁ ወዳጆቼ ስል ከማክሰኞ እስከ እሑድ የሆነውን ሁሉ እንዳለ አስቀምጣለሁ።

አስቀድሞ የጉዞው ምክንያት ይታወቅ። በልጅነቴ ቆረቆር ያዘኝ። ሌሎቹ ልጆች ዳኑ፤ የኔ ግን ከግንባሬ እስከ አናቴ ያለውን ጠጉር ጠርጎ ወሰደው። የቀረልኝ ከጆሮዬ በላይና በማጅራቴ ያለው ብቻ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ተመነጠርኩ፣ መጠርጠር የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ጎንደር ገብቼ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ከሆንኩ ወዲህ ባርኔጣዬን የማወርደው ቤቴን ዘግቼ ነው። ቤተ ክርስቲያን ባርኔጣ ደፍቶ አይገባምና ቁስቋም ከቅጽሩ ውጭ ርቄ ቆሜ አስቀድሳለሁ። ሰዉ እንዴት ያለ ትሑት ነው፣ አልበቃሁም ብሎ ከውጭ ይቆማል ይለኛል። እኔም ዝም እላለሁ።

በመጨረሻ ግን ዝምታው አላዋጣኝም፤ ስንዱን አጨሁ። ስንዱ የዳባቱ የቄስ መርሻ ልጅ ናት። ቁስቋም አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ የልብስ ስፌት ስትማር ነው ያወቅኋት። ሽማግሌ ብልክ አባቷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ልጄን ያለ ተክሊል አልሰጥም አሉ። ተክሊል የሚያደርግ ሙሽራ በካህናቱና በሕዝቡ ፊት ባዶ ራሱን ቆሞ ቅብዓ ቅዱስ ይቀባል፣ አክሊል ይደፋለታል። ሽማግሎቹ የምሥራች ብለው ሲነግሩኝ ለእኔ የታየኝ ይኸው የራሴ ነገር ነው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ስንዱ ራሴን አይታው አታውቅም፤ ያየችው ቀን እንደምትተወኝ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። በሕይወቴ ያልተጠራጠርኩት ነገር ይኸ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በዚህ ጭንቅ ላይ ሳለሁ ነፋስ ባርኔጣዬን ቀሐ ወንዝ አጠገብ አነሣብኝ። አንሥቶ የሰጠኝ ሲኞር ፒኖ ነበር፤ ጣሊያኖቹ ሲወጡ ሳይወጣ የቀረ መካኒክ ነው። አልሳቀም። በአገሩ ከማጅራት ላይ ጠጉር ከነቆዳው እየቆነጠረ አንሥቶ ግንባር ላይ የሚተክል ሐኪም ዘመድ እንዳለው ነገረኝ። እንደ ጎመን ችግኝ ነው፣ ይበቅላል አለኝ። ደብዳቤም ጻፈልኝ። ይኸ ሰው ያለ ጥቅሙ ለምን ይደክምልኛል ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ተገላበጥሁ።

የሐኪሙ መልስ ሲመጣ ጥርጣሬዬ እጥፍ ሆነ። ባዶ ራሴን ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ የተነሣሁት ፎቶግራፍ፣ ደግሞም ከማጅራቴ ከነሥሩ የተነቀለ ዐሥር ዘለላ ጠጉር በፖስታ ይላክልኝ ይላል። ጠጉር! እኛ አገር እኮ የተቆረጠ ጠጉር ሜዳ ላይ አይጣልም፤ ክፉ ሰው አንሥቶ እንዳይደግምበት የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይወተፋል። እኔ ደግሞ ለማላውቀው ፈረንጅ በፖስታ ልልክለት ነው። ፎቶግራፉን እንኳ የተነሣሁት ሱቁን አዘግቼ ነው፤ ፎቶ አንሺው መስኮቱ ላይ ይሰቅለኛል ብዬ ነጌቲቩን ሳይቀር ተቀብዬው ወጣሁ። ለፓስፖርቱ ከትውልድ አገር የምስክር ወረቀትና ዋስ ያስፈልጋል ተባልኩ። የጎንደር ወዳጆቼን ዋስ ሁኑኝ ብል ምን ልትሠራ ነው የምትሄደው ይሉኛል። ስለዚህ አሳዳጊዬን አጎቴን አያ ገብሬን ላስቸግር ወሰንኩ። እሳቸው ያሉት ከደባርቅ በበቅሎ አንድ ቀን ከሚያስኬድ ቦታ ነው።

ማክሰኞ ጧት በጭነት መኪና ተነሣሁ፤ ወሩ ኅዳር ነበር። ከስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጬ ባርኔጣዬን በሻሽ አገጬ ሥር አሰርኩት። አጠገቤ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ባዶ የቅቤ ቅላቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ጎንደር ቅቤ ሸጠው ወደ ዳባት የሚመለሱ ናቸው፤ ስማቸው ወይዘሮ ዘውዴ ነው። ሻሹን አይተው ጥርስህን ነው ወይ ያመመህ አሉኝ። አዎን አልኩ። ስሜን ጠየቁኝ፣ ሥራዬን ጠየቁኝ፤ ደሳለኝ እባላለሁ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ አልኳቸው። ያን ጊዜ ፊታቸው በርቶ ከመቀነታቸው ቆሎ ፈትተው ሰጡኝ። ጥርሱን ለታመመ ሰው ቆሎ! ፍርድ ቤት ጉዳይ አላቸው፣ ሊያባብሉኝ ነው አልኩ በልቤ። ቆሎውን ግን በላሁት፤ ሸጋ ቆሎ ነበር።

አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። የወገራን ብርድ የማያውቅ ሰው ጎንደር ይበርዳል ይላል። ጎንደር ብርዱ በደጅ ይቀራል፤ ወገራ ግን ልብስ ውስጥ ይገባል። ገብስ እስከ አድማስ ድረስ ታጭዶ ተከምሯል፣ ነፋሱን የሚገታ አንድ ዛፍ የለም። ወይዘሮ ዘውዴ ስንቀጠቀጥ አይተው ጋቢያቸውን ደረቡልኝ። እምቢ ብልም አልሰሙኝም። ይኸ ሁሉ ደግነት አንድ ነገር አለው እያልኩ በጋቢው ተጠቀለልኩ።

መኪናው ተጠግኖ ሲነሣ ወዴት ነህ አሉኝ። አገሬ ለወረቀት፣ ከዚያ ሮም አልኳቸው።

«ምነው ወንድምዓለም? ሮም ምን ልታደርግ?»

እውነቱን ብናገር ዳባት ይደርሳል። መንገድ ላይ ሆኖ መዋሸት ደግሞ ደስ አይልም። ዘዴ ያገኘሁ መስሎኝ ወደ ጆሮአቸው ጠጋ አልኩና «ለተከላ» አልኩ። የባሕር ዛፍ ወይም የቡና ችግኝ ይመስላቸዋል፣ የመንግሥት ሥራ ይሆናል ብለው ይተዉታል አልኩ። ሞተሩ ያጓራል፣ ቅሉ ይንኳኳል። ወይዘሮ ዘውዴ አንድ ጊዜ አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻዬ ገፈፉት፣ ቅላቸውን ይዘው ከጆንያው ወዲያ ማዶ ተቀመጡ፤ እስከ ዳባት አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። አየህ፣ ጉቦ እንደማልበላ ሲገባቸው ተቆጡ ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

ዳባት ስንደርስ ባርኔጣዬን ዓይኔ ድረስ ሳብኩት። የአማቼ ቤት ከመንገዱ ይታያል። ወርዶ አለመሳለም ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ወዴት ነህ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ ብዬ ፈራሁና ጎንበስ አልኩ። ወይዘሮ ዘውዴ ግን ወርደው መንገድ ዳር ቆመው መኪናው እስኪሰወር ድረስ ሲያዩኝ ነበር።

ደባርቅ አንድ አልቤርጎ አደርኩ። ባለቤቲቱ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ጨመረችልኝ፣ ጧት ውርጩ መሬቱን አንጥቶት ሳለ የሞቀ ውኃ ይዛ መጣች፤ ራስህን ታጠብበት ወንድሜ አለችኝ። ራስህን? ፊትህን አትልም? ማን ነገራት ብዬ ውኃውን ለእግሬ አደረግሁት። ጎንደር ባለ አልቤርጎ ብርድ ልብስ ሲለምኑት ነው የሚሰጠው፤ ይኸች ሳትለመን ሰጠች። ያም አላማረኝም።

ረቡዕ በቅሎ ተከራየሁ። ባለ በቅሎው አያ ካሴ የሚባሉ ሽበታም ሰው ናቸው፤ ከፊት እየሄዱ በየጥቂቱ ዞረው ያዩኛል። ምን ፈልገው ነው እያልኩ ሻሹን ሳጠብቅ አንድ የቀጋ ቁጥቋጦ ባርኔጣዬን ከነሻሹ ነጠቀኝ። በቅሎዋ አለፈች፤ እኔ ራሴን በሁለት እጄ ይዤ ቀረሁ። አያ ካሴ ተመልሰው ባርኔጣውን ከእሾሁ አላቀቁት። ሲያቀብሉኝ ግን ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው፣ እጃቸውን ብቻ ወደ ኋላ ዘርግተው ነው። የዚህ አገር ቀጋ ክፉ ነው አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲያ አንድም ጊዜ ዞረው አላዩኝም። እኔ ደግሞ አሁን ለምን አያዩኝም ብዬ ተጨነቅሁ።

አመሻሹ ላይ አያ ገብሬ ቤት ደረስን። ሚስታቸው እማ የውብዳር ከደጅ ሲያዩኝ መጀመሪያ ያደረጉት ባርኔጣውን አውርደው አናቴን መሳም ነው። ይኸን ራስ በእንዶድ ያጠቡት እሳቸው ናቸውና አልደነገጥሁም። ቀኑ ጾም ስለሆነ የባቄላ ንፍሮና ሽሮ ቀረበ፤ ጎንደር ሽሮ ሲቀጥን ነው የሚወደደው፣ እዚያ እንጀራውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ስለ ሐኪሙ የነገርኳቸው ከበላን በኋላ ነው። ዋስ ብሆንህና ፈረንጁ ራስህን አበላሽቶ ቢገድልህ የምጠየቀው እኔ ነኝ አሉ አያ ገብሬ። ለዋስነቱ ሊያንገራግሩ ነው ብዬ ከፋኝ።

ሐሙስ ጧት የጠጉሩ መንቀል ሆነ። እማ የውብዳር በወረንጦ ከማጅራቴ አንድ አንድ እያሉ ይነቅላሉ፣ አያ ገብሬ ነጭ ወረቀት ዘርግተው ይቆጥራሉ፣ እኔ እንባዬን እጠርጋለሁ። ዐሥር ሲሞላ ወረቀቱን አጥፈን እንደገና ብንቆጥር ዘጠኝ ሆነ። ያን ጊዜ ቤቱ ተሸበረ። አንዲት ዘለላ ብትሆንስ? ጠላት ቢያገኛትስ? ቤተ ሰቡ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ገለባ ለገለባ ሲፈልግ ግማሽ ጧት አለፈ። ቁርበቱ ተራገፈ፣ ዶሮዎቹ ተባረሩ። አሥራ አንደኛ ይንቀሉልኝ ብላቸው አያ ገብሬ የጠፋችው ሳትገኝ አይሆንም አሉ። በመጨረሻ እማ የውብዳር ከኮቴ እጅጌ ላይ አነሡልኝ። እኔ ግን በዚያ መካከል እኒህ አሳዳጊዎቼ ሳይቀሩ ሰርቀውኝ ይሆን ብዬ አስቤ ነበር፤ ይኸን ስጽፍ አፍራለሁ።

ከሰዓት በኋላ እርጎ እየጠጣን ሳለ አያ ገብሬ ድንገት ጠየቁኝ።

«ልጅቱን ጠይቀሃታል?»

«ምን ብዬ?»

«ራሴ እንዲህ ነው ብለህ ነዋ።»

ብነግራት ትተወኛለች አልኩ። እሱን እሷ ነገረችህ ወይስ አንተ ነገርካት አሉኝ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ ዋስ ሆነው አተሙ።

ዓርብ የደብሩ ጸሐፊ የምስክር ወረቀቱን ጻፈልኝ። እኔ ባመጣሁት ቅጽ ላይ የዓይን ቀለም፣ ቁመት እያለ ይወርድና የጠጉር ዓይነት የሚል አለበት። ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ባርኔጣዬን አየ፣ ያጠመቁኝን ቄስ አየ፣ እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው እንዳይበድል፣ እንዳይዋሽም አስቦ «ጥቂት» ብሎ ጻፈ። እንዳለ ተቀበልኩት። ያን ቀን በዚያው በአያ ካሴ በቅሎ ደባርቅ ገብቼ አደርኩ፤ ባለ አልቤርጎዋ ብርድ ልብሱን እንደገና ሳልለምናት አመጣችው።

ቅዳሜ የጎንደር መኪና ተሳፈርኩ። ዳባት መግቢያ ላይ ሁለት ሽማግሎች መንገዱ መካከል ቆመው እጃቸውን አነሡ፤ ለስንዱ የላክኋቸው የራሴ ሽማግሎች ናቸው። ከኋላቸው ወይዘሮ ዘውዴ ቆመዋል። ቄስ መርሻ ይፈልጉሃልና ውረድ አሉኝ። ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ተከተልኳቸው።

ግቢው ውስጥ ለስንዱ የሰጠሁት የእጮኝነት ቀሚስ ታጥፎ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ይኸ ማለት ውሰድልን ማለት ነው። ቄስ መርሻ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ስንዱ ከጎንደር ተጠርታ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ተሸፍናለች። እጅ ብነሣ ቄሱ መስቀላቸውን አልዘረጉልኝም።

«ልጄ፣ ተክሊል ለሰው ስንት ጊዜ ነው?» አሉኝ።

«አንድ ጊዜ ነው አባ።»

«እንግዲያ ሮም ሄደህ የምታደርገው ከማን ጋራ ነው?»

ወይዘሮ ዘውዴ አላስቻላቸውም፤ እኔ የስንዱ የክርስትና እናት ነኝ፣ ይኸ ሰው የልጄ እጮኛ ነው ብዬ ቆሎዬን ያካፈልኩት፣ ጋቢዬን ያለበስኩት፣ እሱ ግን በገዛ ጆሮዬ ሮም የምሄደው ለተክሊል ነው አለኝ እያሉ እንባቸው ወረደ። ደግሞ የአማቱን ደጅ እንዳያይ ባርኔጣውን ደፍቶ አለፈ አሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። የቆሎው፣ የጋቢው፣ ያ አፍጥጠው ያዩኝ ነገር ሁሉ ገባኝ።

«ተክሊል አላልኩም፤ ተከላ ነው ያልኩት» አልኩ።

የምን ተከላ አሉ ቄሱ። የችግኝ ብዬ ጀመርኩ። አንደኛው ሽማግሌ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ከመቼ ወዲህ ነው ችግኝ ሊያይ ባሕር የሚሻገር ብለው በብስጭት ሳቁ። አሁንም እየዋሸሁ እንደሆነ ሁሉም አወቁት። ስንዱ ፊቷን አዙራ ወደ ውስጥ ልትገባ ስትል አየሁ። ከዚህ ወዲያ ብደብቅ የማጣው እሷን እንደሆነ ታየኝ። የሻሹን ቋጠሮ ፈታሁና ባርኔጣዬን አወረድኩ።

የዳባት ብርድ አናቴን ሲነካው ተሰማኝ። የልጅነት ቆረቆር እንደሆነ፣ የሮሙም ሐኪም ጠጉር እንደሚተክል፣ ለተክሊሉ ቀን ባዶ ራሴን በሰው ፊት መቆም ፈርቼ እንደሆነ ነገርኳቸው። ወይዘሮ ዘውዴ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ቄስ መርሻ ግን ሳያስቡት መደባቸው ላይ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

«ይተላለፋል?» አሉኝ።

ከሃያ ዓመት በፊት የሞተ ነው አልኩ። ቀና ስል ስንዱ በሩ ላይ የለችም። መሸብህ፣ ለእንግዳ ደግሞ ክልክል የለም፣ እደር አሉኝ ቄሱ። ዶሮ ታርዶ ቀረበ፤ ጎንደር እንዲህ ያለ ዶሮ የሚቀርበው ለትልቅ እንግዳ ነው። እኔ ግን መሶቡ ለብቻዬ የቀረበው ለክብር ነው ወይስ ከእኔ ጋራ እጅ ላለማነካካት ነው እያልኩ እንጀራውን ስቆራርስ አመሸሁ። ቀሚሱም እንደ ታጠፈ በርጩማው ላይ አደረ።

እሑድ ስነቃ ባርኔጣዬ የለም። መኝታዬን አገላበጥኩ፣ ደጅ ወጣሁ፣ የለም። ደወሉ እየተደወለ ነው፤ ቄስ መርሻ ቀድመው ሄደዋል። ሆን ብለው ሊያዋርዱኝ ነው ብዬ ተናደድኩ፤ ንዴቴ ነው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የወሰደኝ። ከቅጽሩ ውጭ ልቆም አሰብኩ። ግን ባዶ ራሴን ከውጭ ቆሜ ከመታየት ከውስጥ ከሰው መካከል መጥፋት ይሻላል ብዬ ገባሁ። ከስንት ዓመት በኋላ ከመቅደሱ ፊት ቆምኩ። አንዳንዱ አየኝ፤ አንዳንዱም አላየኝም። ቅዳሴው ሲጀመር ሁሉም ፊቱን ወደ መቅደሱ አዞረ፣ እኔን የሚያይ ጠፋ። ይኸንንም ማመን አቅቶኝ ብዙ ጊዜ ዞሬ አይቻለሁ።

ቅዳሴው ሲፈጸም ቄስ መርሻ ወጥተው በእያንዳንዱ ሰው ራስ ላይ እጃቸውን እየጫኑ ያሰናብቱ ጀመር። እኔን ይዘሉኛል አልኩ። ሦስት ሰው ሲቀራቸው ልወጣ ነበር፤ ከኋላዬ ያሉት አላሳለፉኝም። ፊቴ ሲደርሱ ቆም አሉ። ትናንት ወደ ኋላ ያሸሻቸው ፍርሃት ፊታቸው ላይ ሲመጣ አየሁት። ከዚያ መዳፋቸውን በሙሉ ባዶው አናቴ ላይ ጫኑ። እጃቸው ከባድና ሞቃት ነበር። ማንም ከእማ የውብዳር በቀር ያንን ቦታ ነክቶት አያውቅም፤ አለቀስኩ፣ አልደብቅም።

ደጅ ስወጣ ስንዱ ከዛፍ ሥር ቆማለች። ባርኔጣዬ በእጇ ነው።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት» አለችኝ።

ምነው አልኳት። ለአባቴ አሳየኸው፣ ለሽማግሎቹ አሳየኸው፣ እኔን ግን ስድስት ወር ሙሉ ጠረጠርከኝ አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ነበረ። ትተዪኛለሽ ብዬ ነው አልኳት።

«ለጠጉርህ አልተውህም። ለመጠርጠርህ ግን ልተውህ ነበር፤ ሌሊቱን ስሟገት ነው ያደርኩት» አለችኝ።

ማሪኝ አልኳት። ሮም ትሄዳለህ ወይ አለችኝ። እውነቱን ተናገርኩ፤ ወረቀቱም ዋሱም ሞልቷል፣ ልሂድ አልሂድ ግን አላውቅም አልኳት። ባርኔጣውን በደረቴ ላይ ገፋ አድርጋ አስያዘችኝ።

«ከፈለግህ ሂድ፤ አልከለክልህም። ሠርጉን ግን ለጥር እንዲያደርጉት ጧት አባቴን አስምያቸዋለሁ። ተክሊሉ ይቅደም፤ ተከላው ይደርሳል።»